የእንቁራሪት ልብና ቆዳ፤
የደም ዝውውርና የአተነፋፈስ ዕውቀት ታሪክ ለክፍል ትምህርት ያለው ፋይዳ

መግቢያ

ስለ እንቁራሪት ልብ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ዘወትር የሚደጋገም አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። ይኸውም «የእንቁራሪት ልብ ሦስት ክፍሎች ብቻ ስላሉት ንጹሕና ቆሻሻ ደም ይቀላቀልበታል፤ ስለዚህ ያልተሟላ ልብ ነው» የሚለው ነው። ተማሪው ይህን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ይይዘዋል፤ በፈተና ወረቀትም ላይ ይጽፈዋል። የዓሣን ልብ ከታች፣ የእንቁራሪትን ከመካከል፣ የሰውን ከላይ አድርጎ በማዕረግ መደርደርንም የሚማረው ከዚሁ ነው።

ዐረፍተ ነገሩ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የልቡ ክፍሎች ሦስት መሆናቸው ትክክል ነው፤ ደሙ የሚቀላቀል መሆኑም በከፊል ትክክል ነው። «ያልተሟላ» የሚለው ፍርድ ግን እንቁራሪት በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በቆዳዋም የምትተነፍስ እንስሳ መሆኗን ረስቶ የተሰጠ ነው። ይህ ስሕተት እንዴት እንደ ተፈጠረና እንዴት እየታረመ እንደ መጣ ለመረዳት፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ ዘመናችን የተካሄደውን የምርምር ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የእንቁራሪት ሳንባና የደም ዝውውር ዕውቀት

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ጋሌን ያስተማረው ትምህርት በአውሮፓ ከ1,000 ዓመታት በላይ ጸንቶ ቆይቶ ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት ደም ከምግብ ተለውጦ በጉበት ውስጥ ይዘጋጃል፤ ከዚያም በየአካሉ ተሠራጭቶ እዚያው ያልቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሐርቪ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ትምህርት በስሌት ተቃወመ። ልብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚገፋው ደም በመላው አካል ውስጥ ከሚገኘው ደም የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘው፣ ያው ደም ተመልሶ እየመጣ ካልዞረ በስተቀር ሊሆን እንደማይችል አስረዳ። ሐርቪ የልብን እንቅስቃሴ የተመለከተው በሞቃት ደም እንስሳት ብቻ አልነበረም። የእነዚህ ልብ በፍጥነት ስለሚመታ ቅደም ተከተሉን ለዐይን ለመለየት ያስቸግራል። በእንቁራሪት፣ በጉርጥና በእባብ ላይ ግን የልቡ ምት ዝግ ያለ በመሆኑ የላይኞቹ ክፍሎች ቀድመው፣ የታችኛው ክፍል ተከትሎ ሲኮማተሩ በግልጽ ለማየት ችሏል።

ይሁን እንጂ በሐርቪ ማስረጃ ውስጥ አንድ ክፍተት ቀርቶ ነበር። ደም በደም ቅዳ ከልብ ወጥቶ በደም መልስ ወደ ልብ የሚመለስ ከሆነ፣ ከአንደኛው ወደ ሌላው የሚሻገረው በምን መንገድ ነው? ሐርቪ መሻገሪያውን በዐይኑ ለማየት የሚያስችል መሣሪያ አልነበረውም። በ1657 ሲሞትም ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ።

መልሱ የተገኘው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ ነበር። መልሱን ያገኘው ማርቼሎ ማልፒጊ የተወለደው የሐርቪ መጽሐፍ በታተመበት በ1628 ነው። ማልፒጊ ስለ ሳንባ አሠራር ያገኘውን ውጤት ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ለተባለው ሊቅ በሁለት ደብዳቤዎች ገለጠለት። በመጀመሪያ የትልልቅ እንስሳትን ሳንባ መርምሮ ነበር፤ ነገር ግን የእነዚህ ሳንባ ወፍራምና እጅግ የተከፋፈለ በመሆኑ የደም ሥሮቹን መጨረሻ ለመለየት አልቻለም። ወደ እንቁራሪት ሲዞር ግን ግድግዳው ስስ የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ከረጢት ያለ ሳንባ አገኘ። በማይክሮስኮፕ ሲመለከተውም ደም ቅዳውንና ደም መልሱን የሚያገናኙ ፀጉር መሰል ደም ሥሮችን አየ። ደሙ ባዶ ቦታ ላይ የሚፈስ አለመሆኑንና ከመነሻው እስከ መድረሻው በሥር ውስጥ የሚጓዝ መሆኑን በዚህ አረጋገጠ።

ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክም በ1688 በእንቁራሪት እጭ ጅራት ውስጥ ደም በቀጫጭን ሥሮች አልፎ ሲመለስ በሕይወት ሳለች አየ፤ ያየውንም ለለንደን የሮያል ሶሳይቲ ማኅበር ጻፈ። እንግዲህ ስለ ሰው የደም ዝውውር ዛሬ በየክፍሉ የሚሰጠው ትምህርት የጎደለውን ማስረጃ ያገኘው በእንቁራሪት አካል ነው። የሳንባዋ ቀላልነት እንደ ጉድለት ከመቆጠር ይልቅ ለሊቃውንቱ መስኮት ሆኖ አገልግሏል።

2. ቆዳ እንደ መተንፈሻ አካል

የእንቁራሪት አተነፋፈስ ለረጅም ጊዜ ግራ የሚያጋባ ነበር። ሰው ወደ ውስጥ በሚተነፍስበት ጊዜ የጎድን አጥንቶቹ ይነሣሉ፤ በደረትና በሆድ መካከል ያለው ጡንቻም ወደ ታች ይወርዳል፤ ደረቱ ሲሰፋ አየሩ ይገባል። እንቁራሪት ግን እንዲህ ያለ የደረት ሣጥንም ሆነ ያንን ጡንቻ አልታደለችም። እንግሊዛዊው ሮበርት ታውንሰን በ1794 ባሳተመው ጥናት እንቁራሪት አየርን በአፍንጫዋ ወደ አፏ አስገብታ፣ የአፏን ወለል ወደ ላይ በማንሣት ወደ ሳንባዋ የምትገፋው መሆኑን አስረዳ። በአጭሩ አየርን እንደ መዋጥ ያህል ነው። በ1969 ካርል ጋንስና ባልደረቦቹ በአፍና በሳንባ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክተው የእንቅስቃሴውን ቅደም ተከተል በዝርዝር አቀረቡ።

ይህ ዐይነቱ ግፊት የሚያስገባው አየር መጠነኛ ነው። ታዲያ የቀረው ፍላጎት በምን ይሟላል? ይህን ጥያቄ በሚገባ ለመመለስ በቅድሚያ የጋዞች ኬሚስትሪ መዳበር ነበረበት። በ1770ዎቹና በ1780ዎቹ በፕሪስትሊና በላቮይዚዬ ሥራ ኦክሲጅን ከታወቀና መተንፈስ ከቃጠሎ ጋር ያለው ዝምድና ከተገለጠ በኋላ፣ አንድ እንስሳ ከአየር የሚወስደውንና ወደ አየር የሚመልሰውን መለካት ተቻለ። በጣሊያን በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ላዛሮ ስፓላንዛኒ ይህን ዘዴ በብዙ እንስሳት ላይ ሞከረው። ሳንባቸው ከተወገደ በኋላም እንቁራሪቶች ለጊዜው በሕይወት የሚቆዩና በቆዳቸው ጋዝ የሚለዋወጡ መሆናቸውን ተገነዘበ። ስፓላንዛኒ በ1799 ሞተ፤ ስለ መተንፈስ የጻፈውም ከሞቱ በኋላ በ1803 በጄኔቫ ታተመ።

በ1824 ደግሞ ዊልያም ኤድዋርድስ በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ በውሃ ውስጥ የተዘጉ እንቁራሪቶች ምን ያህል ጊዜ እንደሚኖሩ መረመረ። ውሃው ሲቀዘቅዝና አየር የሟሟበት አዲስ ውሃ ሲተካ ዕድሜያቸው የሚረዝም፣ ውሃው ሲሞቅ ግን የሚያጥር መሆኑን አሳየ። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። በቅዝቃዜ ጊዜ የእንስሳዋ የኦክሲጅን ፍላጎት ይቀንሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃም ከሞቃት ውሃ የበለጠ ኦክሲጅን ያሟሟል።

ለሳንባና ለቆዳ የየድርሻቸውን የወሰነው ዴንማርካዊው ኦገስት ክሮግ ነው። ክሮግ በ1904 ባሳተመው ጥናት ከሳንባ የሚወጣውንና ከቆዳ የሚወጣውን ጋዝ ለየብቻ ለካ። እንደ ውጤቱም የካርቦን ዳይኦክሳይዱ አብዛኛው ክፍል በቆዳ ይወጣል፤ እንስሳዋ ብዙ ኦክሲጅን በምትሻበት ጊዜ ግን ኦክሲጅኑን በብዛት የሚያስገባው ሳንባ ነው። በ1927 ዶልክና ፖስትማ ይህንኑ ዓመቱን ሙሉ ተከታትለው፣ በቆዳ የሚገባው ኦክሲጅን በየወቅቱ ብዙም የማይለዋወጥ መሆኑን፣ በሳንባ የሚገባው ግን እንደ እንስሳዋ እንቅስቃሴ ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑን አረጋገጡ። ክሮግ በ1920 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ፀጉር መሰል ደም ሥሮች እንደ አካሉ ፍላጎት እንዴት እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ በማስረዳቱ ነው። ማልፒጊ መኖራቸውን ያሳያቸው ሥሮች እንዴት እንደሚሠሩ በዚህ ታወቀ።

የሥራ ክፍፍሉ ምክንያት በጋዞቹ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእርጥብ ሕዋሳት ውስጥ ከኦክሲጅን ሃያ ጊዜ ያህል በቀለለ ሁኔታ ያልፋል። በመሆኑም ስስና እርጥብ የሆነው ቆዳ እርሱን ለማስወጣት ይበቃል። ኦክሲጅን ግን በቀላሉ ስለማያልፍ ሳንባን የመሰለ ረዳት ያስፈልገዋል። የእንቁራሪት ቆዳ ሁልጊዜ በልጋጋማ ፈሳሽ የሚርሰውም ጋዝ በደረቅ ቆዳ በበቂ መጠን ሊያልፍ ስለማይችል ነው።

3. ስለ ልቡ የተነሣው ክርክር

የእንቁራሪት ልብ ሁለት የላይኛ ክፍሎችና አንድ የታችኛ ክፍል አለው። ከሳንባ የሚመለሰው ደም ወደ ግራ የላይኛ ክፍል፣ ከቀረው አካል የሚመለሰው ደም ወደ ቀኝ የላይኛ ክፍል ይገባል። ሁለቱም ወደ አንዱ የታችኛ ክፍል ይወርዳሉ። የዚህ ክፍል ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ስፖንጅ በብዙ እጥፋት የተከፋፈለ ነው፤ በመውጫው ቧንቧ ውስጥም ጠምዛዛ ክዳን ይገኛል።

በቪየና ያስተምር የነበረው ኧርንስት ብሩከ በ1852 አካባቢ፣ ፈረንሳዊው ሳባትዬ ደግሞ በ1873 ይህን አሠራር የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። እንደ እነርሱ አስተያየት ሁለቱ ደሞች በታችኛው ክፍል ውስጥ በሚገባ አይቀላቀሉም። ልቡ ሲኮማተር ኦክሲጅን ያነሰው ደም ቀድሞ ወጥቶ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ ወደ ሆነበት ወደ ሳንባና ወደ ቆዳ በሚወስደው ደም ቅዳ ይሄዳል። ቀጥሎ የተቀላቀለው ደም ወደ ሰውነት፣ በመጨረሻም ኦክሲጅን የበዛበት ደም ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ማብራሪያው ሥርዓት ያለውና ለማስታወስ የሚቀል ስለነበረ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገባ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ጥርጣሬ ተነሣ። በ1933 ቫንደርቫል፣ በ1947 ደግሞ እንግሊዛዊው ፎክሶን የየራሳቸውን ሙከራ አድርገው፣ ደሙ በሦስት ተርታ ተለይቶ ይወጣል የሚለውን ሐሳብ ተቃወሙ። ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተካሄዱት ልኬቶች በሁለቱ አስተያየቶች መካከል የሚቆም ውጤት ሰጡ። ደሙ በከፊል ይለያል፣ በከፊልም ይቀላቀላል፤ መጠኑም እንደ ዝርያውና እንስሳዋ እንዳለችበት ሁኔታ ይለያያል።

የክርክሩ ዋና ቁልፍ ግን ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የዘለሉት አንድ የአካል አሠራር ነው። በቆዳ ውስጥ ኦክሲጅን ያገኘው ደም የሚመለሰው ከሳንባው ደም ጋር ወደ ግራ ሳይሆን፣ ከሰውነት ከሚመጣው ደም ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቀኝ የላይኛ ክፍል ነው። ስለዚህ «በቀኝ ያለው ደም ቆሻሻ፣ በግራ ያለው ንጹሕ» የሚለው አከፋፈል ለእንቁራሪት አይሠራም። እንስሳዋ በውሃ ውስጥ ስትቆይ ሳንባዋ አዲስ አየር አያገኝም፤ በዚያን ጊዜ ዋናው የኦክሲጅን ምንጭ ቆዳዋ ይሆናል፤ ይኸውም ኦክሲጅን በቀኝ በኩል ወደ ልብ ይገባል።

የታችኛው ክፍል እንደ ሰው ልብ በግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር? ከቆዳ የመጣው ኦክሲጅን ወደ አንጎልና ወደ ጡንቻ በመሄድ ፈንታ፣ በዚያ ሰዓት ምንም ወደማይጨምርለት ሳንባ ተመልሶ ይላክ ነበር። ከዚህም ሌላ ልቡ ለሁለት በተከፈለ እንስሳ ውስጥ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደምና ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም እኩል መሆን አለበት። እንቁራሪት ግን ይህ ግዴታ የለባትም። በውሃ ውስጥ ሳለች ወደ ሳንባ የሚወስደው የደም ሥር ጠበብ ብሎ ደሙ ወደ ሌላው አካል ይዞራል፤ ከውሃ ወጥታ ስትተነፍስ ሥሩ እንደገና ይሰፋል። እንግዲህ አንዱ የታችኛ ክፍል በሁለት ዓለም ለሚኖር እንስሳ የተስማማ አሠራር ነው።

4. ሳንባን የተዉ እንስሳት

ቆዳ ምን ያህል ድርሻ ሊሸከም እንደሚችል ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ በ1894 በአሜሪካ ተገኘ። ሐሪስ ዋይልደር የተባለው ተመራማሪ አንዳንድ ሳላማንደሮች ካደጉም በኋላ ምንም ሳንባ የሌላቸው መሆናቸውን ገለጠ። እነዚህ እንስሳት በቆዳቸውና በአፋቸው ውስጠኛ ሽፋን ብቻ ይተነፍሳሉ፤ ዛሬም ከሳላማንደር ዝርያዎች መካከል በቁጥር የሚበልጡት እነርሱ ናቸው። በደቡብ አሜሪካ ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኘው በቲቲካካ ሐይቅ የምትኖረው እንቁራሪት ደግሞ ሳንባዋ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ቆዳዋ በብዙ እጥፋት የሰፋ ስለሆነ፣ በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ የሚያስፈልጋትን ኦክሲጅን ታገኝበታለች።

ሦስተኛው ምሳሌ ለጥንቃቄ የሚጠቅም ነው። በ2008 በቦርኒዮ ደሴት የምትገኝ ባርቡሩላ ካሊማንታኔንሲስ የተባለች እንቁራሪት ፈጽሞ ሳንባ የላትም ተብሎ ተገለጠ። በዓለም የመጀመሪያዋ ሳንባ የለሽ እንቁራሪት ተብላም ብዙ ተወራላት። በ2024 ግን የአካሏን ውስጥ ሳይቆርጡ በሚያሳይ የራጅ መሣሪያ የተመረመሩ ናሙናዎች ትንሽ ሳንባ ያላት መሆኗን አረጋገጡ። በመጽሐፍ የሰፈረ ነገር ሁሉ የመጨረሻ ቃል አለመሆኑን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

5. ቆዳ ሲታመም

በቆዳ መተንፈስ ጥቅም የመሆኑን ያህል አደጋም አለበት። ለአየር ክፍት የሆነ ቆዳ ለመርዝና ለበሽታም ክፍት ነው። ባትራኮኪትሪየም ዴንድሮባቲዲስ የተባለው ፈንገስ በ1999 ስም ተሰጥቶት ከተገለጠ ወዲህ፣ በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች እንቁራሪቶችን በብዛት እንደ ፈጀ ታውቋል። በ2019 የታተመ ጥናት በዚህ በሽታ ምክንያት ቢያንስ 501 ዝርያዎች ቁጥራቸው መቀነሱን፣ ከነዚህም 90 የሚሆኑት ጨርሰው ሳይጠፉ እንዳልቀሩ አመልክቷል። በ2009 በአውስትራሊያ የቀረበው ጥናት ደግሞ አገዳደሉን አብራርቷል። ፈንገሱ ቆዳውን ሲያጠቃ ሶዲየምና ፖታሲየም በቆዳው በኩል በአግባቡ መመላለስ ያቅታቸዋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠናቸው ይወርዳል፤ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። ቆዳና ልብ በአንድነት የሚሠሩ መሆናቸው በጤና ብቻ ሳይሆን በሞትም ይታያል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በአገሪቱ ከሚኖሩት የእንቁራሪት ዝርያዎች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በሌላ አገር የማይገኙ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በደጋው ጫካና ሣር ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። በ2012 የታተመ ጥናት ይኸው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዝርያዎች ላይ መገኘቱን አስታወቀ። በ2013 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በባሌ ተራሮች ብቻ የሚኖሩ አንዳንድ ዝርያዎች ቀድሞ ይገኙ በነበሩበት ቦታ እጅግ እየቀነሱ መሆናቸውን አሳሰበ። የደን መመንጠርና የከብት ግጦሽ መብዛትም መኖሪያቸውን የሚያጠፉ ምክንያቶች ናቸው። የእንቁራሪት ቆዳ የሕይወቷ መሠረት መሆኑን ያልተማረ ልጅ፣ የምንጩ ውሃ ሲቆሽሽና ዛፉ ሲቆረጥ ምን እንደሚጠፋ ለመገመት አይችልም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አራት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛው የቃላት ጉዳይ ነው። «ንጹሕ ደም» እና «ቆሻሻ ደም» የሚሉት አባባሎች ተማሪውን ስለሚያሳስቱ «ኦክሲጅን የበዛበት» እና «ኦክሲጅን ያነሰበት» ደም ማለት ይመረጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ደም እንደ ጉድፍ የሚቆጠር አይደለም።

ሁለተኛው የትምህርቱ አደረጃጀት ነው። አተነፋፈስ በአንድ ምዕራፍ፣ የደም ዝውውር በሌላ ምዕራፍ ተነጣጥለው ሲቀርቡ ስለ እንቁራሪት ያለው እውነት በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ልቧ ያለ ቆዳዋ፣ ቆዳዋም ያለ ልቧ አይገባም። ስለሆነም ቢያንስ ለዚህ እንስሳ ሁለቱ ርእሶች በአንድ ትምህርት ሊቀርቡ ይገባል።

ሦስተኛው ምልከታ ነው። ማይክሮስኮፕና የመድኃኒት ክፍል በሌለበት ትምህርት ቤትም በዝናም ወራት በአቅራቢያው ካለ ኩሬ ዳር ብዙ ነገር መማር ይቻላል። ተማሪዎች እንስሳዋን ሳይጎዱና ሳይዙ ጉሮሮዋ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ ሊቆጥሩ፣ በማለዳ ቅዝቃዜና በቀትር ሙቀት ያገኙትን ቁጥር ሊያወዳድሩ፣ ደረቷ እንደ ሰው ደረት የማይነሣው ስለ ምን እንደሆነ ሊጠይቁ ይችላሉ።

አራተኛው ዕውቀት እየታረመ የሚሄድ መሆኑን ማሳየት ነው። ሐርቪ የተወውን ማልፒጊ ሞላው፤ የብሩከን ማብራሪያ ኋለኞቹ ልኬቶች አረሙት፤ በ2008 የተባለውም በ2024 ተለወጠ። ይህን የተማረ ተማሪ መጽሐፉን ማክበር ብቻ ሳይሆን መጠየቅንም ይለምዳል።

በአገራችን ተረት እንቁራሪት ዝሆንን አክላለሁ ብላ ራሷን ስትነፋ ፈንድታ ሞተች ይባላል። በተረቱ ራሷን ከማይመስላት ጋር የለካችው እርሷ ናት። በክፍል ውስጥ ግን ከሰው ልብ ጋር አስተያይቶ «ያልተሟላች» የሚላት መማሪያ መጽሐፉ ነው። እንስሳን ሁሉ በሚኖርበት ቦታና በአኗኗሩ መለካት ሲቻል፣ የእንቁራሪት ልብ ለእንቁራሪት የተሟላ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።